ታሪክ ለፈተና ወይስ ለኅሊና?

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ታሪክ ሳስተምር ብዙ ዓመታት አልፈዋል። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ከተማሪዎቼ አፍ ከሰማኋቸው ጥያቄዎች መካከል እንደ አንዱ ጥያቄ የተደጋገመ፣ እንደ እርሱም ያሳዘነኝ የለም። ጥያቄውም፤ «ቲቸር፣ ይህ ለፈተና ይመጣል?» የሚለው ነው። ስለ አንድ ንጉሥ አወዳደቅ ስናገር፣ ስለ አንድ ሕዝብ ረኃብ ስናገር፣ ሰው ስለ እምነቱ ወይም ስለ አገሩ እንዴት እንደ ሞተ ስናገር፣ እጁን የሚያወጣው ተማሪ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። ይመጣል ያልሁ እንደ ሆነ ደብተሩ ሁሉ ይገለጣል፤ አይመጣም ያልሁ እንደ ሆነ እስክሪብቶው ሁሉ ይጋደማል።

በመጀመሪያ ጊዜ ጥፋቱ የተማሪዎቹ ብቻ ይመስለኝ ነበር። «የዛሬ ልጅ ዕውቀት አይወድም» እያልሁም ከባልንጀሮቼ ጋር በመምህራን ክፍል ተቀምጬ አማርር ነበር። ኋላ ግን ራሴን ብመረምር፣ ጥፋቱ ከልጆቹ ይልቅ በእኔና በእኔ ብጤዎች ላይ የሚያርፍ ሆኖ አገኘሁት። ልጁ ያንን ጥያቄ መጠየቅን ከማኅፀን ይዞ አልመጣም፤ ከእኛ ነው የተማረው። እንግዲህ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለመክሰስ መሆኑን፣ ከተከሳሾቹም አንዱ እኔ ራሴ መሆኔን ወጣቱ አንባቢ አስቀድሞ ይወቅልኝ።

የምከሰውም ነገር ምን እንደ ሆነ በምሳሌ ላስረዳ። በክፍላችን ታሪክ የሚማር ልጅ ሁሉ የውጫሌን ውል ያውቃል። በ1881 ዓ.ም. ሚያዝያ 25 ቀን በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣልያ መንግሥት መካከል ውጫሌ ላይ እንደ ተፈረመ፣ የጠቡም ምክንያት 17ኛው ክፍል እንደ ሆነ ያውቃል። በፈተናው ወረቀት ላይ ጥያቄው ሲመጣ ትክክለኛውን ፊደል አጥቁሮ ነጥቡን ይቀበላል። ነገር ግን ይኸው ልጅ፣ «በአማርኛው የተጻፈው ቃል ምን ይል ነበር?» ተብሎ ቢጠየቅ ዝም ይላል። ዝም ማለቱም አያስደንቅም፤ ትምህርቱን የተማረው በእንግሊዝኛ ነውና። የአማርኛው ቃል ከኢጣልያንኛው ተለየ ብሎ በእንግሊዝኛ ያጠናል፤ የአፉ ቋንቋ የሆነውን ያንን አንዱን የአማርኛ ቃል ግን በዓይኑ ሳያየው ትምህርቱን ይጨርሳል።

ቃሉ «ይቻላቸዋል» የሚል ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ ይቻላቸዋል፤ የፈለጉ እንደ ሆነ ማለት ነው። ተማሪው እንደሚያጠናው ኢጣልያንኛው ደግሞ «ግዴታ አለባቸው» ይላል። ነገር ግን የኢጣልያንኛውን ጽሑፍ አውጥቶ ያነበበ ሰው የሚያገኘው «ኮንሴንቴ» የሚለውን ቃል ነው፤ ይኸውም «ይስማማሉ» እንደ ማለት ነው። የሮማ መንግሥት በዚህ «ይስማማሉ» በሚል ለስላሳ ቃል ላይ ከባድ ግዴታን ጫነበት፤ በጥቅምት 1882 ዓ.ም.ም ኢትዮጵያ በእርሱ በኩል እንጂ በራስዋ እንደማትላላክ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀ። ምኒልክ ስለ ንግሣቸው ለአውሮፓ ነገሥታት በጻፉ ጊዜ፣ ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጣላቸው መልስ ጉዳያችሁ በኢጣልያ በኩል ይሁን የሚል ሆነ። ከዚያ በኋላ የሆነውን፣ ውሉ እንደ ፈረሰና ነገሩ በ1888 ዓ.ም. የካቲት 23 ቀን በዐድዋ እንደ ተፈረደ ሁሉም ያውቀዋል።

አሁን ልብ በሉ። በዚህች በአንዲት ቃል ውስጥ ስንት ትምህርት አለ! ሰው ውል ሲዋዋል ቃሉን በሁለቱም ቋንቋ መመርመር እንደሚገባው፣ ኃይለኛ ከለስላሳ ቃል በስተኋላ ምን እንደሚሸሽግ፣ ወዳጅ መስሎ የቀረበን ሰው ወዳጅነት በሥራው እንጂ በንግግሩ እንደማይለኩት፣ ይህ ሁሉ አለ። በ17 ዓመቱ ይህን በገዛ እጁ ገልጦ ያገኘ ልጅ፣ በ40 ዓመቱ የሥራ ውል ወይም የቤት ኪራይ ውል ሲቀርብለት ሳያነብ አይፈርምም። እኛ ግን ይህን ሁሉ ትተን፣ «ሐ»ን አጥቁር ብለን ሰደድነው።

እንዲህ ያለው ትምህርት ጉዳቱ ዕውቀትን ማሳነሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ ባልጮኽሁ ነበር። ነገር ግን ከዚህ የከፋ ጉዳት አለበት፤ ያንንም ያየሁት በገዛ ክፍሌ ውስጥ ነው።

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባንድ ወንበር የተቀመጡ ሁለት ልጆች ነበሩኝ። ደብተር ይዋዋሳሉ፤ ምሳቸውንም ባንድ ዕቃ ይበላሉ። አንድ ቀን በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ስለሆነው የግዛት መስፋፋት ሳስተምር፣ አንደኛው «አገር ያቀኑበት ዘመን ነው» አለ፤ ሁለተኛውም «የእኔን አያቶች አገር የወረሩበት ዘመን ነው» ብሎ መለሰለት። ነገሩ ከቃል ወደ ስድብ ሊያልፍ ጥቂት ሲቀረው እኔ ጠረጴዛውን መትቼ፣ «ዝም በሉ! መጽሐፉ ያለውን ብቻ ጻፉ!» አልሁ። ሁለቱም ዝም ብለው ጻፉ። በማግስቱ አንደኛው ከመስኮቱ አጠገብ፣ ሁለተኛው ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ዓመቱ እስኪያልቅ ድረስ ባንድ ወንበር አልተቀመጡም። በዓመቱ መጨረሻ ፈተና ሁለቱም ከፍ ያለ ነጥብ አገኙ፤ እኔም ስለ መልካም ውጤታቸው ተመሰገንሁ።

ያን ምስጋና ባስታወስሁት ቁጥር አፍራለሁ። በ2012 ዓ.ም. በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ተማሪ የተማሪን ደም ማፍሰሱን በሰማሁ ጊዜ ያ ክፍል ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ከዚያም ቀጥሎ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን የተነሣውን፣ እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የቆየውንና ስንት ወጣት የበላውን ጦርነት ባየሁ ጊዜ፣ ራሴን፣ «አንተ ባዘጋኸው አፍ ፈንታ ማን ከፍቶ አናገራቸው?» እያልሁ ጠየቅሁ። ለጦርነት የታሪክ መምህር ብቻ ምክንያት ነው አልልም፤ እንዲህ ማለት ራስን ማግዘፍ ነው። ነገር ግን መምህር በክፍል ውስጥ የከለከለው ጥያቄ አይሞትም። ከክፍል ወጥቶ በየመንደሩ፣ በየመጠጥ ቤቱ፣ ይልቁንም በየስልኩ ይዞራል። እዚያም «ማስረጃህ ምንድር ነው?» የሚለው ሰው አያገኝም፤ የሚያጨበጭብለትና የሚሳደብለት ብቻ ያገኛል።

በቲክቶክና በፌስቡክ ላይ የሚነገረውን ታሪክ የሰማ ሰው የምለውን ያውቃል። ያንድ ደቂቃ ንግግር መቶ ዓመትን ይፈርዳል። ተናጋሪው ማን እንደ ሆነ፣ ነገሩን ከየት እንዳገኘው የሚጠይቅ የለም። ወጣቱ ግን በትምህርት ቤት የተማረው መቀበልን እንጂ መጠየቅን ስላይደለ፣ ትናንት ከመጽሐፉ እንደ ተቀበለ ዛሬ ከስልኩ ይቀበላል። እኛ መምህራኑ ልጁን ለመጽሐፍ ያሠለጠንነው መስሎን ነበር፤ ለወሬኛ አዘጋጅተን ሰጠነው።

በዚህ ነገር ላይ ሁለት ዓይነት መምህራንና ጸሐፊዎች ይተባበራሉ። አንደኛው ወገን ታሪክን የምስጋና መጽሐፍ አድርጎ የሚያስተምር ነው። በእርሱ ዘንድ ያለፈው ሁሉ ያማረ፣ አባቶች ሁሉ ጻድቃን፣ ድል ሁሉ የእኛ፣ ጥፋት ሁሉ የሌላ ነው። ሁለተኛው ወገን ታሪክን የክስ መዝገብ አድርጎ የሚያስተምር ነው። በእርሱ ዘንድ ያለፈው ሁሉ በደል፣ የጎረቤት አባቶች ሁሉ ጨካኞች፣ የእርሱ አባቶች ብቻ ንጹሓን ናቸው። እነዚህ ሁለቱ ባላጋሮች ይመስላሉ፤ ነገር ግን አንድ ናቸው። ሁለቱም የሞቱትን ሰዎች ሰው መሆን ይነሡአቸዋልና። ሁለቱም ለልጁ የሚሰጡት ያለቀለት ፍርድ ነው፤ ምስክሩን ግን አያቀርቡለትም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እውነት ነው። ስለዚህም የምስጋናው መምህር የተወጋውን እርሳ ብሎ ማዘዝ አይቻለውም። ነገር ግን የተወጋው ሰው የልጅ ልጅ፣ የወጋውን ሰው የልጅ ልጅ እንደ ወጊ አድርጎ ቢመለከተው ይህ ፍትሕ አይደለም። ስለዚህም የክሱ መምህር ዳኛ ነኝ ማለት አይቻለውም። ከሁለቱም የሚያድነን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ምስክርን የመመርመር ልማድ ነው።

ይህ ልማድ ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ ነገር ነው የሚል ቢኖር፣ የገዛ ጸሐፊዎቻችንን ይመልከት። ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ አለቃ ዘነብ በአማርኛ ታሪክ ጽፈዋል፤ አለቃ ወልደ ማርያምም ጽፈዋል። አንደኛው የንጉሡን አነሣሥ እያደነቁ ይነግሩናል፤ ሁለተኛው የመጨረሻውን ዘመን ጭካኔ አይሸሽጉም። ንጉሡ ግን አንድ ናቸው። በ1860 ዓ.ም. ሚያዝያ 6 ቀን በመቅደላ ራሳቸውን የገደሉት ቴዎድሮስ፣ አለቃ ዘነብ ያወደሷቸውም አለቃ ወልደ ማርያም ያዘኑባቸውም ናቸው። ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ያነበበ ልጅ፣ ታላቅነትና ጭካኔ ባንድ ሰው ልብ ሊያድሩ እንደሚችሉ ይማራል፤ ምናልባትም የገዛ ልቡን ይጠረጥራል። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም ከመቶ ዓመት በፊት የታሪክ ጸሐፊ ማዳላት እንደማይገባው አጥብቆ ጽፎአል። እንግዲህ ምክሩ የቤታችን ምክር ነበር፤ አልሰማነውም እንጂ።

በእንግሊዝ አገር ዩኒቨርሲቲ ከመግባታቸው በፊት ባሉት ሁለት ዓመታት፣ «ሲክስዝ ፎርም» በሚባለው ደረጃ፣ ታሪክ የሚማሩ ልጆች ፈተናቸው በፊደል ማጥቆር አይደለም። ሰነድ ይሰጣቸዋል፤ ማን እንደ ጻፈው፣ ለምን እንደ ጻፈው፣ ምን ያህል እንደሚታመን መርምረው በረጅም ጽሑፍ ይመልሳሉ። ከጠቅላላው ነጥብ አንድ አምስተኛው የሚገኘውም እያንዳንዱ ተማሪ ራሱ መርምሮ ከሚያቀርበው ድርሰት ነው። ይህን የምናገረው እንግሊዝን ለማምለክ አይደለም። እነርሱም ቢሆኑ ልጆቻችን ከሂትለርና ከቱዶር ነገሥታት ሌላ አያውቁም እየተባባሉ ይወቃቀሳሉ፤ የቅኝ ግዛታቸውን ታሪክ ለልጆቻቸው አሳንሰው አስተምረዋል ተብለውም ይከሰሳሉ። ነገር ግን የ17 ዓመት ልጅ ሰነድ መመርመር እንደሚቻለው አሳይተዋል። የእነርሱ ልጅ የቻለውን የእኛ ልጅ የማይችልበት ምክንያት ምንድር ነው?

ወዳጆቼ መምህራን የሚመልሱልኝን አውቃለሁ። «ክፍሉ የተጨናነቀ ነው፤ መጽሐፍ አይዳረስም፤ መንግሥታዊው ፈተናም ይህን አይጠይቅም» ይላሉ። የተናገሩት ሁሉ እውነት ነው። እጅግ ብዙ ተማሪ በሚፈተንበት አገር ወረቀቱን መኪና ቢያርመው አልፈርድም። ነገር ግን የፈተናው ነገር ራሱ ምን እንዳስተማረን እንመልከት። በ2008 ዓ.ም. ጥያቄው ሾልኮ በየስልኩ ስለ ተበተነ ፈተናው ተሰረዘ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ደግሞ ተማሪዎቹ መኮራረጅ እንዳይኖር ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው በተፈተኑ ጊዜ፣ ግማሽ ነጥብና ከዚያም በላይ ያገኙት ከመቶው 4 እንኳ አልሞሉም። ለፈተና ብቻ የተማረ ትውልድ ፈተናውንም አላለፈም! እንግዲህ ኅሊናውን ሸጠን ነጥብ ልንገዛለት ብንል፣ ኅሊናውም ሄደ፣ ነጥቡም አልመጣ።

ሌላው ተከራካሪዬ ደግሞ የልጁ አባት ነው። «ታሪክ እንጀራ አይሆንም፤ ልጄ ሐኪም ወይም መሐንዲስ ይሁን» ይላል። አባት ለልጁ እንጀራ ቢመኝ ነውር የለውም። ነገር ግን ሐኪሙ የሚያክመው፣ መሐንዲሱም ድልድይ የሚሠራው ሰዎች ባንድነት በሚኖሩበት አገር ነው። ሰዎቹ ስላለፈው ነገር ያለ ዱላ መነጋገር ካልቻሉ፣ ድልድዩ ይፈርሳል፤ ሐኪም ቤቱም ይዘረፋል። ይህን ደግሞ ከመጽሐፍ ሳይሆን በዓይናችን አየነው።

ከሁለቱ ልጆች ጠብ በኋላ እኔም አካሄዴን ለመለወጥ ሞከርሁ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ስለ መሬት ዐዋጅ የምናስተምርበት ጊዜ ደረሰ። በ1967 ዓ.ም. የካቲት 25 ቀን የወጣው ዐዋጅ የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ ጭሰኛውን ከባለመሬቱ ግዴታ ነጻ አወጣው፤ አንድ ቤተ ሰብ የሚይዘውም መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። በክፍሌ ውስጥ አያትዋ መሬት የተወረሰባቸው አንዲት ልጅ፣ አያቱ ጭሰኛ የነበሩም አንድ ልጅ ነበሩ። ዐዋጁን በአማርኛ አንብበን ስንጨርስ፣ ሁለቱንም ወደየቤታቸው ሄደው አያቶቻቸውን እንዲጠይቁ ሰደድኋቸው። አንድ ደንብ ብቻ አኖርሁላቸው። ደንቡም፤ «እያንዳንድህ የሌላውን አያት ቃል ጻፍ፤ ባለ ቃሉም ሲነበብለት፣ ‹አዎ፤ ያልሁት ይህንኑ ነው› እስኪል ድረስ አስተካክል» የሚል ነበር።

የልጅትዋ አያት ባንድ ቀን ከባለጠግነት ወደ ድኽነት እንዴት እንደ ወረዱ ተናገሩ፤ ነገር ግን እኩል አራሹ ካመረተው ግማሹን ወደ ቤታቸው ያስገባ እንደ ነበረ አልካዱም። የልጁ አያትም ከዐውድማው እህል ሳይከፈል ወደ ጎታቸው የገባበትን የመጀመሪያ ዓመት እያለቀሱ አወሩ፤ ነገር ግን ኋላ መንግሥት በኮታና በርካሽ ዋጋ እህሉን እየገዛ ደስታቸውን እንደ ቀነሰባቸው አልሸሸጉም። ልጆቹ ጽሑፋቸውን ተለዋውጠው ባነበቡ ጊዜ ክፍሉ ጸጥ አለ። ይህ ጸጥታ እኔ ጠረጴዛ መትቼ ያመጣሁት ዓይነት አልነበረም። ሁለቱ በነገሩ ተስማሙ አልልም፤ አልተስማሙም። ክርክራቸው እስከ ዓመቱ መጨረሻ ቆየ። ነገር ግን ባንድ ወንበር ተቀምጠው ተከራከሩ፤ እኔም ከዚህ የበለጠ አልመኝም።

ይህ ሥራ ስንት ገንዘብ ጠየቀ? ሁለት ወረቀትና አንድ ዐዋጅ። ስንት ጊዜ ወሰደ? አንድ ሳምንት። ለፈተና መጣን? አልመጣም።

አንተም ወጣት አንባቢ፣ አንቺም እኅቴ፣ መምህራችሁ እስኪለወጥ፣ ሥርዓተ ትምህርቱም እስኪሻሻል ድረስ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። ለፈተና የተባላችሁትን አጥኑ፤ ነጥብ ያስፈልጋችኋልና አልከለክላችሁም። ነገር ግን ከየምዕራፉ አንድ ነገር ብቻ መርጣችሁ ለራሳችሁ መርምሩ። አንድ ነገር ስትሰሙ፣ ማን ተናገረው? መቼ ተናገረው? ለማን ተናገረው? ተቃዋሚውስ ምን አለ? ብላችሁ ጠይቁ። የምትወዱትን ነገር ስትሰሙ ደግሞ ይህን ጥያቄ እጥፍ አድርጉት፤ ሰው የሚታለለው በሚጠላው ሳይሆን በሚወደው ነገር ነውና። በቤታችሁ ያሉትን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ሳያልፉ ጠይቋቸው፤ የነገሯችሁንም ጻፉት። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ያሉት አባቶች እኮ ለእናንተ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ታሪክን ከባልንጀራችሁ ጋር ለመጣያ አታድርጉት። በአባቶቹ ሥራ ልጁን አትክሰሱት፤ በአባቶቻችሁም ሥራ እናንተ አትኩራሩበት፤ ሁለቱም የእናንተ ሥራ አይደለምና። የእናንተ ሥራ የሚሆነው ዛሬ የምትሠሩት ነው፤ እርሱም ነገ በሌላ ክፍል፣ በሌላ መምህር አፍ ይነገራል። ያን ጊዜ የሚመጣውን ልጅ ታስቡታላችሁን? እርሱም እጁን አውጥቶ፣ «ይህ ለፈተና ይመጣል?» ብሎ ስለ እናንተ ይጠይቅ ይሆናል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ነገር ግን ንጋት ሰው ቢተኛም ይመጣል፤ እውነት ግን ተነሥቶ ለሚፈልጋት እንጂ ለተኛ አትጠራም። እኔ ብዙ ዘመን ተኝቻለሁ፤ ተማሪዎቼንም አስተኝቻለሁ። እነዚያ ከመስኮቱና ከበሩ አጠገብ ተለያይተው የተቀመጡ ሁለት ልጆች ዛሬ የት እንዳሉ አላውቅም። ይህን ጽሑፍ ቢያገኙት፣ መምህራቸው ያን ቀን ዝም በሉ ማለቱ ስሕተት እንደ ነበረ፣ ሊላቸው ይገባው የነበረውም፣ «ቀጥሉ፤ ነገር ግን ማስረጃችሁን አምጡ» የሚለው ቃል እንደ ነበረ ይወቁልኝ።